ሕግን ከመኪና መለየት፤ ከሲሪንቃ ማሳ እስከ ኮምፓይለር መሥሪያ መሣሪያዎች

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ መርሳ ከመድረሱ በፊት ሲሪንቃን ያገኛል። ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ በሐብሩ ወረዳ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት አነስተኛ ከተማ ናት። ስሟ ከአካባቢዋ አልፎ በምሁራን ዘንድ እንዲታወቅ ያደረገው የግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ዛሬ በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚተዳደረው ይኸው ማዕከል ማሽላን፣ ጤፍንና ሌሎችንም ሰብሎች በሲሪንቃ ማሳ ብቻ ሳይሆን በቆቦ፣ በጨፋና በሌሎችም ቦታዎች እየዘራ ይፈትናል። አንድ ዝርያ ለገበሬው ይለቀቅ ወይስ ይቅር ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው በአመዛኙ ከነዚህ ማሳዎች ከተሰበሰበው ቁጥር ነው። እንደ ጎቢዬና እንደ አብሽር ያሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችም ከገበሬው እጅ የገቡት እንዲህ ያለውን የብዙ ቦታ ፈተና ካለፉ በኋላ ነው።

የተሰበሰበው ቁጥር ለኮምፒዩተር በሚሰጥበት ጊዜ ተመራማሪው የሚጽፈው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ ከአንድ መስመር አይበልጥም። መስመሯ በአማርኛ ቃላት ብትጻፍ ይህን ትመስላለች፤ ምርት ~ ዝርያ * ቦታ። ከዜሮና ከአንድ በስተቀር የማያውቅ መኪና ይህችን መስመር አንብቦ የሚረዳው እንዴት ነው? አንባቢውንስ ማን ሠራለት? የዚህ ጽሑፍ ዐላማ የነዚህን ጥያቄዎች መልስ በታሪክ መንገድ መከተልና ታሪኩ ለኢትዮጵያ ባለሙያ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመስመሯ ትውልድ

መስመሯ የተወለደችው ከእርሻ ማሳ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በእንግሊዝ አገር በ1843 የተመሠረተው የሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ በ1919 ሮናልድ ፊሸር የተባለውን የሒሳብ ሰው ቀጠረ። ፊሸርም በጣቢያው ለብዙ ዓመታት ተከማችቶ የቆየውን የምርት መዝገብ ሲመረምር የልዩነት ትንተና የተባለውን ስልት አበጀ። በ1968 የጣቢያው የስታቲስቲክስ ክፍል ኀላፊ የሆነው ጆን ኔልደር ደግሞ ጄንስታት የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በማስጀመር ሥራው ወደ ኮምፒዩተር እንዲሸጋገር አደረገ። ዊልኪንሰንና ሮጀርስ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ የአንድ ሙከራ አወቃቀር በአጭር ምልክት የሚገለጥበትን ሥርዐት ወሰኑ። ኮከቧም ትርጉሟን ያገኘችው በዚያን ጊዜ ነው።

በዚህ ሥርዐት «ዝርያ * ቦታ» ማለት ዝርያ በቦታ ይባዛ ማለት አይደለም። የዝርያው ልዩነት ይሰላ፤ የቦታው ልዩነት ይሰላ፤ ዝርያው ከቦታ ቦታ የሚያሳየው የጠባይ ለውጥም ለብቻው ይሰላ ማለት ነው። በኮከቧ ፈንታ የመደመር ምልክት ቢገባ ሦስተኛው ይቀራል። ያን ጊዜ በሲሪንቃ ጥሩ ምርት ሰጥቶ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በቆቦ የሚከስም ዝርያ ጉድለቱ በአማካዩ ሥር ይሸሸጋል። እንግዲህ የአንዲት ምልክት ትርጉም በትክክል መነበቡ የጽሕፈት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ገበሬው ለሚዘራው ዘር ዋስትና ነው።

የዊልኪንሰንና የሮጀርስ አጻጻፍ በጄንስታት አልተወሰነም። በአሜሪካ በቤል የምርምር ተቋም እነ ጆን ቼምበርስ ከ1976 ጀምሮ ያበጁት ኤስ የተባለው ቋንቋ በ1992 ተቀበለው። ከኤስም አር ወደሚባለው ቋንቋ ተላለፈ። ሲሪንቃን ጨምሮ በኢትዮጵያ የምርምር ማዕከላት የሚሠሩ ተመራማሪዎች በሚያሳትሟቸው ጽሑፎች ውስጥ ጄንስታት፣ ሳስና አር በመሣሪያነት ተደጋግመው የሚጠቀሱ ናቸው።

መሣሪያ ከመገኘቱ በፊት

ሰው የሚጽፈውን ትእዛዝ መኪና ወደሚፈጽመው ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም ኮምፓይለር ይባላል፤ በአማርኛ አጠናቃሪ ያሉትም አሉ። ትእዛዙን እያነበበ ወዲያው የሚፈጽም ሌላ ዐይነት ፕሮግራም ቢኖርም ሁለቱም በመጀመሪያ ማንበብ ግድ ይሆንባቸዋል። ግሬስ ሆፐር በ1952 የዚህ ዐይነቱን ሥራ የመጀመሪያ እርምጃ አሳየች። ቀጥሎም በጆን ባከስ የሚመራው የአይ.ቢ.ኤም. ቡድን በ1957 ፎርትራን የተባለውን ቋንቋ ከነኮምፓይለሩ አወጣ። ያ ኮምፓይለር የፈጀው ጉልበት የ18 ሰው ዓመት ተብሎ ይነገራል፤ ይኸውም አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው 18 ዓመት የሚፈጅ ማለት ነው።

ይህን ያህል ድካም የጠየቀበት አንዱ ምክንያት የቋንቋው ሕግና ሕጉን የሚያስፈጽመው ሥራ ተደባልቀው መጻፋቸው ነበር። የመደመር ምልክት ከማባዛት ምልክት በኋላ ይፈጸም የሚለው ሕግ በአንድ ቦታ ተጽፎ አይገኝም ነበር፤ በሺህ በሚቈጠሩ የመኪና ትእዛዞች መካከል ተበትኖ ነበር። ስለሆነም ሕጉን ለማወቅ የፈለገ ሁሉ መኪናውን መፍታት፣ ሕጉን ለመለወጥ የፈለገም መኪናውን እንደገና መሥራት ነበረበት።

የሰዋስው መምጣት

መፍትሔው የመጣው ከቋንቋ ጥናት በኩል ነው። ኖም ቾምስኪ በ1956 ሰዋስዎችን እንደ ኀይላቸው በደረጃ የሚመድብ ጽሑፍ አወጣ። ባከስ በ1959 የአንድን የፕሮግራም ቋንቋ ሕግ በአጫጭር መስመሮች የሚጽፍበትን ዘዴ አቀረበ፤ ፒተር ናውርም ዘዴውን አሻሽሎ የአልጎል 60 ቋንቋ መግለጫ በርሱ እንዲጻፍ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ቋንቋ ሕግ ከጥቂት ገጾች በማይበልጥ ሰነድ ተለይቶ የሚነበብ ሆነ።

ሕግን ለይቶ ማስተማር ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በሰሜን ወሎ የሚገኘው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ቤትነቱ ስሙ የተጠራ ነው። የቅኔ ተማሪ ከግስና ከአገባብ ሳይደርስ ቅኔ አይቈጥርም፤ ሕጉ በቃሉ ካልገባ ዘረፋው አይሳካለትም። ልዩነቱ የባከስና የናውር ሕግ አንባቢ ሰው ሳይሆን መኪና መሆኑ ላይ ነው።

ሕጉ ተለይቶ ከተጻፈ ዘንድ ሌላ ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም፤ ሕጉን አንብቦ አንባቢውን የሚሠራ ፕሮግራም መሥራት አይቻልምን የሚል ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቶኒ ብሩከርና ዴሪክ ሞሪስ አትላስ ለተባለው ኮምፒዩተር «የኮምፓይለር ኮምፓይለር» ብለው የሰየሙትን መሣሪያ ሠሩ። ቫል ሾር በ1964 በአሜሪካ ሜታ ሁለት የተባለውን አወጣ። ዶናልድ ክኑዝ ደግሞ በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ አንድን ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ በማንበብ ሰዋስዋዊ አወቃቀሩን ለመተንተን የሚያስችለውን ስልት በሒሳብ አረጋገጠ።

የክኑዝ ስልት ግእዝና አማርኛ አንባቢ ከሚያደርገው የራቀ አይደለም። አማርኛ የሚያነብ ሰው ባለቤቱንና ተሳቢውን ሲያገኝ ወዲያው አይፈርድም፤ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ በልቡናው ይዞ ይቈያል። ማሰሪያው ሲደርስ የያዘውን ሁሉ አንድ ላይ አስሮ እንደ አንድ ነገር ይቈጥረዋል። ተንታኙ ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ እየወሰደ ይከምራል፤ ከክምሩ አናት ያሉት ቃላት ከአንዱ ሕግ ጋር በተገጣጠሙ ጊዜ ያስራቸውና በአንድ ስም ይተካቸዋል። መቼ መከመር፣ መቼ ማሰር እንዳለበት የሚነግረው ከሰዋስው ሕግ የተሰላ ሰንጠረዥ ነው። የክኑዝ ሰንጠረዥ ለዚያን ጊዜ ኮምፒዩተሮች እጅግ ሰፊ ስለ ነበር ፍራንክ ዲሬመር በ1969 የሚያጥርበትን መንገድ አገኘ።

ያክና ሌክስ

ይህ ሁሉ ዕውቀት ለባለሙያ እጅ የሚመች መሣሪያ የሆነው በቤል የምርምር ተቋም ነው። ስቲቨን ጆንሰን ዴኒስ ሪቺ በጻፈው የቢ ቋንቋ ኮምፓይለር ላይ አንድ አዲስ ምልክት ለመጨመር ፈለገ፤ ነገር ግን ጭማሪው እንዳሰበው ቀላል ሆኖ አላገኘውም። ባልደረባው አልፍሬድ አሆ የክኑዝን ስልት አመለከተው። ሰንጠረዡን በእጅ ማስላት አድካሚና ስሕተት የሚበዛበት በመሆኑ ጆንሰን ሥራውን ለኮምፒዩተር ለመስጠት ቈረጠ። ውጤቱ ያክ የተባለው መሣሪያ ነው። የስሙ ትርጉም «ደግሞ ሌላ የኮምፓይለር ኮምፓይለር» ማለት ሲሆን በጊዜው የዚህ ዐይነት ሙከራ መብዛቱን በቀልድ ያስታውሳል። የያክ መግለጫ በ1975 ወጣ። በዚያው ዓመት ማይክ ሌስክና ኤሪክ ሽሚት ፊደላትን ወደ ቃላት የሚከፋፍለውን ሌክስን አወጡ። እነሆ ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ ሌክስ ቃላቱን ይለያል፣ ያክ ቃላቱን በሰዋስው ያስራል።

የያክ ተጠቃሚ የሚያቀርበው የሕግ ዝርዝር ነው። ለምሳሌ አንድ አገላለጽ ቃል ነው፤ ወይም አገላለጽ ከመደመር ምልክትና ከሌላ አገላለጽ ጋር ነው፤ ወይም አገላለጽ ከኮከብና ከሌላ አገላለጽ ጋር ነው ብሎ ይጽፋል። ኮከብ ከመደመር ይበልጥ የሚያጠብቅ መሆኑንም በአንድ መስመር ያስታውቃል። ያክ ይህን አንብቦ ሰንጠረዡን ያሰላና በሲ ቋንቋ የተጻፈ ተንታኝ ያወጣል። ሕጉ ቢለወጥ የሚለወጠው ያ አንድ መስመር ነው፤ የቀረውን መኪናው ራሱ እንደገና ይሠራዋል።

በዚህ ምክንያት የኮምፓይለር ሊቅ ያልሆኑ ሰዎች ለሙያቸው የሚስማማ ቋንቋ ለማበጀት በቁ። ብራያን ከርኒሃንና ሎሪንዳ ቼሪ የሒሳብ ቀመር ለማተሚያ ቤት የሚያዘጋጅ ቋንቋ በያክ ሠሩ፤ በ1977 ደግሞ የጽሑፍ መዝገቦችን የሚመረምረው ኦክ የተባለው ቋንቋ በዚሁ መሣሪያ ተሠራ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሮበርት ኮርቤት ባይሰን የተባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ ጻፈ፤ ሪቻርድ ስቶልማንም ከያክ ጋር እንዲስማማ አድርጎት ማንም ሰው በነጻ የሚጠቀምበት ሆነ።

የአር ቋንቋ ልደት

አር በኒውዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጄንትልማን እጅ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተወለደ። ሁለቱ መምህራን በመጀመሪያ የሠሩት ስኪም በተባለው ቋንቋ ዐይነት የተቀረጸ አነስተኛ ፈጻሚ ፕሮግራም ነበር። ኋላ ግን ፕሮግራሙ ለስታቲስቲክስ ሰው እንዲመች ብለው ላዩን የኤስ ቋንቋን አጻጻፍ አለበሱት። የውስጡ አሠራርና የላዩ ሰዋስው የተለያዩ በመሆናቸው መልክን ለመለወጥ ውስጡን ማፍረስ አላስፈለገም። አር በ1995 በነጻ ፈቃድ ተለቀቀ፤ 1.0.0 የተባለው እትሙም በ2000 ወጣ። የአር ሰዋስው እስከ ዛሬ ድረስ በአንድ መዝገብ ተጽፎ ይኖራል፤ ያን መዝገብ አንብቦ ተንታኙን የሚያወጣው ባይሰን ነው።

ወደ መነሻው መስመር ብንመለስ ምስጢሩ ይገለጣል። «ምርት ~ ዝርያ * ቦታ» ስትነበብ ተንታኙ ምንም አያባዛም። በኮከቧ ግራና ቀኝ ያሉትን ቃላት በአንድ ያስራል፤ የተገኘውንም እስር ከምርት ጋር ያያይዛል፤ ሥራው በዚህ ያበቃል። እስሩን ተቀብሎ በዊልኪንሰንና በሮጀርስ ሥርዐት የሚተረጕመው ሌላ ክፍል ነው። ስለዚህ ያችው ኮከብ በአንድ ስፍራ ማባዛት፣ በሌላ ስፍራ የዝርያና የቦታ ትንተና ለመሆን ትችላለች። ማንበብ ከመተርጐም፣ ሕግም ከመኪና ስለ ተለየ አንዱ የሌላውን መንገድ አይዘጋም።

የመሣሪያው ጉድለት

ይህ ሲባል ግን መሣሪያው እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ሁለት ትርጉም ያለው ሰዋስው ያስቸግረዋል። ሰምና ወርቅ የቅኔ ክብር ነው፤ አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ባይሸከም ባለቅኔው አይመሰገንም። ለኮምፓይለር ግን አንዱ ጽሑፍ በሁለት መንገድ ከታሰረ ያ ጉድለት ነው። የያክ አንዱ ጥቅም ይህን ግጭት አስቀድሞ ማስታወቁ ነው፤ ሆኖም ማስታወቂያው ሰንጠረዡን ለማያውቅ ሰው እንቈቅልሽ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የተጠቃሚው ጽሑፍ ሲሳሳት ከመሣሪያው የሚወጣው ተንታኝ ብዙ ጊዜ «የሰዋስው ስሕተት» ከማለት አልፎ ምክንያቱን አያስረዳም።

በዚህም የተነሣ አንዳንዶች ወደ እጅ ሥራ ተመልሰዋል። ጂ.ሲ.ሲ. የተባለው የታወቀ ነጻ ኮምፓይለር በባይሰን የተሠራውን ተንታኝ ለሲ ፕላስ ፕላስ በ2004፣ ለሲ ቋንቋ በ2006 በእጅ በተጻፈ ተክቷል። የፓይተን ቋንቋም በ2020 የቀድሞውን ተንታኝ ትቶ በሌላ ስልት የሚሠራ አዲስ ተንታኝ አስገብቷል፤ ሰዋስውን ለብቻ መጻፉን ግን አልተወም። ይህ የሚያስረዳው መሣሪያው ሊያረጅ እንደሚችል፣ ተለይቶ የተጻፈ ሕግ ግን ከመሣሪያው በላይ ዕድሜ እንዳለው ነው።

የኢትዮጵያ ፊደልና ሕጉ

የዚህ ትምህርት ዋጋ በኢትዮጵያ በተግባር ታይቷል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የኢትዮጵያን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ በአገር ውስጥም በውጭም ብዙ የሚያስመሰግን ጥረት ተደረገ። ነገር ግን እያንዳንዱ ሠሪ ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። የቁጥሩ ሕግ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ነበርና ፕሮግራሙ ሲሞት ሰነዱም አብሮት ሞተ።

ይህ ችግር መሠረታዊ መፍትሔ ያገኘው ዩኒኮድ በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል በጨመረ ጊዜ ነው። ሀ 4608 ቁጥር ተሰጣት፤ ሌሎቹም በየቤታቸው ስምንት ስምንት ስፍራ እየያዙ ተሰለፉ። ስለዚህ የፊደሉ ቁጥር ለ8 ሲካፈል ምንም ካልተረፈ ግእዝ፣ 1 ከተረፈ ካዕብ፣ 2 ከተረፈ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይሄዳል። ለምሳሌ የሉ ቁጥር 4617 ነው፤ ለ8 ቢካፈል 1 ይተርፋል፤ ሉም ካዕብ ናት። የቈሎ ተማሪ በዜማ ያጠናው የፊደል ገበታ ማንም ፕሮግራም የሚያነበው ሕግ ሆነ ማለት ነው። ዳንኤል ያዕቆብም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፐርል ለተባለው ቋንቋ ባዘጋጀው መሣሪያ ፊደላትን በቤትና በመደብ መፈለግ እንዲቻል አድርጓል፤ ይህ የሌክስ መሠረት የሆነው የፍለጋ ስልት ለኢትዮጵያ ፊደል ጠባይ የተስማማበት ሥራ ነው። በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ የዩኒኮድን ፊደላት በስምነት ስለሚቀበል ዛሬ «ምርት» ወይም «ዝርያ» ብሎ ለቁጥር ስም ማውጣት ይቻላል።

ከፊደል አልፎ ወደ ቃል ሲገባ ሥራው ይከብዳል። «አልሰበሩትም» የሚለው አንድ ቃል አሉታን፣ ሰ-ብ-ር የሚለውን ሥር፣ የባለቤቱን ብዛትና ተሳቢውን አንድ ላይ ይዟል። በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ የተባለውን ተንታኝ ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ አዘጋጅቶ በ2011 አቅርቧል። የፕሮግራሙ መሠረት ሌክስ ከሚሠራበት ስልት ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ይልቁንም ሊስተዋል የሚገባው የየቋንቋው ሕግና መዝገበ ቃላት ከሞተሩ ተለይተው መጻፋቸው ነው፤ አንዱ ሞተር ለሦስት ቋንቋዎች የበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

መደምደሚያ

በ2021 ጦርነቱ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ የሲሪንቃ የምርምር ማዕከልም ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። ሕንፃ ይጠገናል፤ መሣሪያም ይተካል። የጠፋ ፕሮግራም ውስጥ ተቀብሮ የነበረ ሕግ ግን በገንዘብ አይመለስም። በአንጻሩ በግልጽ ጽሑፍ የሰፈረ አንድ መስመር ቅጂው በሌላ ቦታ ከተቀመጠ ቁጥሩ ባለበት ሁሉ በማንኛውም ኮምፒዩተር እንደገና ሊነበብ ይችላል። ከፎርትራን እስከ ያክ፣ ከያክ እስከ አር የተደረገው ጕዞ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው።

በኢትዮጵያ የባንክ ሒሳብ፣ የመሬት መዝገብ፣ የዘመን አቆጣጠር፣ የማዳበሪያ ስርጭት ሕግ በየፕሮግራሙ ውስጥ እየተጻፈ ነው። ከነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ከሠሪዎቻቸው መነሣት በኋላ የሚያነባቸው አያገኙም። ባለሙያው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሕጉን ለብቻው፣ በአጭሩ፣ ሌላ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ቢጽፍ ድካሙ አንድ ጊዜ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከርሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ይተርፋል። የዋድላ መምህር አገባብን ለደቀ መዝሙሩ የሚያስተላልፈው ከርሱ በኋላ ቅኔ እንዳይቋረጥ ነው። የፕሮግራም ባለሙያም ለተተኪው ማስተላለፍ የሚገባው ከመኪናው በፊት ሕጉን ነው።